የወፍጮው ሹካ

ስማቸው እባላለሁ፤ በ፲፱፻፶፯ ዓ.ም. በዳንግላ ጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበርኩ። በየአሥራ አምስት ቀኑ ወደ እንጅባራ እየሄድኩ ክትባት እሰጣለሁ፤ ቁስል አጥባለሁ፤ ከአቅሜ በላይ የሆነውን በሽተኛ ወደ ሆስፒታል እልካለሁ። አሁን የምተርከው ግን ስለ አንድ የብረት ስብራት ነው። እንዴት እንደተጠገነ በዓይኔ ካየሁ ወዲህ ስለ አገሬ የነበረኝ አሳብ ተለውጧልና ሌላውም ሰው ቢሰማው የሚጎዳ አይመስለኝም።

በሰኔ ወር አንድ ማክሰኞ ጧት፣ ዳንግላ አውቶቡስ ከሚቆምበት አጠገብ ባለች ሻይ ቤት ቆርቆሮ ሥር ተጠልያለሁ። ዝናቡ ከንጋት ጀምሮ ስለጣለ መኪናው ዘግይቷል። አንድ ጋሪ ጭቃውን እየረጨ መጣና ደጃፉ ላይ ቆመ። የወረዱት ባላምባራስ ገብረ ማርያም ነበሩ። እኒህ ሰው በወጣትነታቸው በበቅሎ ጨውና አቡጀዲ እየነገዱ ሀብት ያፈሩ፣ በኋላም እንጅባራ ላይ ባለ ሞተር ወፍጮ ያቆሙ፣ በአገሩ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው። በጆንያ የተጠቀለለ ከባድ ነገር በብብታቸው ሸጉጠዋል።

«ጤና ይስጥልኝ ባላምባራስ! ምነው በዚህ ዝናብ? የታመመ ሰው አለ እንዴ?» አልኳቸው።

«እኛስ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፣ ሐኪም። የታመመው ወፍጮዬ ነው» አሉና ጆንያውን ፈቱት።

ከውስጡ የወጣው ሁለት ጣት ያለው ጥቁር ብረት ነው፤ አንደኛው ጣት ከሥሩ ተሰብሯል። በዘንጉ ጫፍ ላይ ተቀምጦ የላይኛውን የወፍጮ ድንጋይ የሚያዞረው ይኸው ነው፤ ወፍጮ ቤት ሹካ ይሉታል።

«ከተሰበረ ሦስተኛ ወሩን ያዘ» አሉ። «ከባሕር ማዶ እናስመጣለን አሉኝ። ዛሬ እዚህ ድረስ መጥቼ ስልክ ብደውል ‹ገና አልተጫነም፤ እስከ ታኅሣሥ ይታገሡ› ይሉኛል። እስከዚያ አገሩ ሁሉ ወደ እጅ ወፍጮው ተመልሷል። ይኸን የምታክል ብረት መንደር ታስርብ?»

ከጎናችን ካኪ የለበሰ፣ የሃያ ሁለት ዓመት ገደማ ወጣት ሻይ ይጠጣ ነበር። ብርጭቆውን አስቀምጦ ተነሣና እጅ ነሥቶ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ አባባ፤ እንዳየው ይፈቅዱልኛል?» አለ።

ባላምባራስ ሰጡት። ወጣቱ ከደረት ኪሱ ካሊብሮ የሚባለውን መለኪያ አውጥቶ ውፍረቱን ለካ፤ ስብራቱን በጥፍሩ ዳበሰ፤ ወደ ብርሃን አዙሮ አየው።

«ይህን እኔ ልሠራው እችላለሁ» አለ።

ባላምባራስ ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ክፋት አልነበረበትም። «ልጄ፣ ይህ እኮ ማረሻ አይደለም። የፈረንጅ ብረት ነው!»

«ፈረንጅም ሲወለድ ብረት ጨብጦ አልተወለደም አባባ። ተምሮ፣ ተሳስቶ፣ ደግሞ ሞክሮ ነው።»

«ይሁን። ነገር ግን በሠላሳ ዓመት ንግዴ የተማርኩት ገበያ ዝምድና እንደማያውቅ ነው። የአገሬ ልጅ ሠራው ብዬ ክፉ ዕቃ ብገዛ፣ ዕቃው ሲሰበር አገር አይክሰኝም።»

ወጣቱ ራሱን ነቀነቀ። «በዚህስ አልከራከርዎትም። አዝነው አይግዙኝ። እንደማንኛውም ሻጭ ቆጥረው ይፈትኑኝ። እኔ የማዝነው ሳንፈተን መውደቃችን ነው። ይኸው በዚህ መንገድ ኑጋችን፣ ቆዳችን፣ ሰማችን በካሚዮን ተጭኖ ይሄዳል። በሄደበት መንገድ ምስማር፣ መርፌና ቁልፍ ይመጣል። እኛ የምንሰጠው ክረምት ከበጋ የደከምንበትን ነው፤ እነሱ የሚልኩልን አንድ ማሽን በአንድ ጧት የሚተፋውን። በዚህ ዓይነት የልጅ ልጆቻችንም ቢያርሱ ቢያርሱ አይደርሱባቸውም።»

«ታዲያ ቀድመውን ሄዱ፤ ምን ይደረግ? በቅሎ ከአውቶሞቢል ጋር ትሽቀዳደማለች?»

«የጃፓን አቡጀዲ ሸጠው ያውቃሉ አባባ?»

«እንዴታ! ከልጅነቴ ጀምሮ።»

«መጀመሪያ ሲመጣ ሰው ምን አለ?»

ሽማግሌው ፈገግ አሉ። «ሳቁበት። ‹አንድ ጊዜ ሲታጠብ ወንፊት ይሆናል› እያሉ ቀለዱበት። ርካሽ ስለ ነበር ድሀው ገዛው። በየዓመቱ ግን እየጠነከረ መጣ። ኋላማ ሌላውን የሚጠይቀኝ ጠፋ።» ይህን ሲሉ ድምፃቸው ዝግ አለ፤ ከአፋቸው የወጣው ነገር ለራሳቸውም እንግዳ የሆነባቸው ይመስል ነበር።

«እንግዲያው ትምህርቱን የሰጡት እርስዎ ነዎት» አለ ወጣቱ።

ባላምባራስ ደስ አላቸው። «አንደበትህ ያማረ ነው። ለመሆኑ የማን ልጅ ነህ?»

ወጣቱ ዓይኑን ወደ ብረቱ መለሰ። ጆሮው ሲቀላ አየሁ። «የገበየሁ ልጅ ነኝ። አየነው እባላለሁ።»

«የትኛው ገበየሁ?»

«እንጅባራ፣ ከወንዙ ማዶ፣ ቀርከሃው አጠገብ ያለው። ቀጥቃጩ።»

የባላምባራስ ፊት ተከደነ። አልተቆጡም፤ አልሰደቡትም። ብረቱን ብቻ ቀስ ብለው ከእጁ ተቀብለው በጆንያው ጠቀለሉት። «እግዚአብሔር ያሳድግህ» አሉና ፊታቸውን ወደ መንገዱ መለሱ። በዚያው አውቶቡሱ ደረሰ። እሳቸው ከፊት ተቀመጡ፤ አየነው ኋላ ሄደ።

እኔ ሆን ብዬ ከአየነው ጎን ተቀመጥኩ። በእጅ ሙያ ትምህርት ቤት ሦስት ዓመት ተምሮ መጨረሱን፣ አዲስ አበባ አንድ ፋብሪካ ሥራ እንዳገኘና አባቱን ተሰናብቶ በሳምንቱ እንደሚሄድ አጫወተኝ።

«ለምን እዚሁ አትሠራም?» አልኩት።

«አዩዋቸው አይደል? እዚያ የማን ልጅ እንደሆንኩ የሚጠይቀኝ የለም» አለ።

የቀጥቃጭ ዓይን ይበላል እየተባለ በሚወራበት አገር ያደግሁ እኔም፣ ድሬሰር ተብዬ መርፌ እየወጋሁ እንኳ፣ እስከዚያ ቀን ከቀጥቃጭ ቤት ውሃ ጠጥቼ አላውቅም ነበር።

በማግሥቱ እንጅባራ ላይ ክትባቱን ስሰጥ አራት ሰዎች አንዲት ሴት በቃሬዛ ተሸክመው ከጥርባ መንደር በኩል መጡ። ደብሪቱ የምትባል የባላምባራስ ገብረ ማርያም ልጅ ናት። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ከጧት ጀምሮ እጅ ወፍጮ ላይ ተደፍታ ገብስ ስትፈጭ ሕመም ይዟት ደም አይታለች። አስተኛኋት፤ የሚቻለኝን ረዳኋት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሕመሙ ጋብ አለ፤ የጽንሱም ልብ ደህና ይመታል። «እስክትወልድ ድረስ ድንጋይ እንዳትነኪ» ብዬ አስጠነቀቅኋት።

ባላምባራስ ከራስጌዋ ቆመው በአገውኛ ይጸልያሉ። እሷ ዓይኗን ገልጣ በአማርኛ አናገረቻቸው፤ እኔም እንድሰማላት መሆኑ ገባኝ።

«አባዬ፣ እኔስ ልተኛ። ጎረቤቶቼ አይተኙም። ሹካውን እሠራዋለሁ ያለ ሰው ነበር አሉ፤ እውነት ነው?»

«የቀጥቃጭ ልጅ ነው፣ የኔ ልጅ። እንዲያው ወጣትነቱ አናግሮት ነው።»

«ባሌ የሚያርስበትን ማረሻ ማን ሠራው? ዳቦ የምንቆርስበትን ቢላዋስ? ገበየሁ ነው። በሠራው እየበላን እጁን እንጠየፋለን። እርስዎ ያኮረፉት ሰውየውን ነው፤ ወገቡ የሚቆረጠው ግን የኛ ነው።»

ሽማግሌው ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና፣ «ሐኪም፣ ያን ልጅ ታውቀዋለህ። ብረቱን ውሰድለት። ይሞክር» አሉ።

አየነው በደስታ ተቀበለኝ። ወደ አባቱ ቤት ግን አልሄደም። በመንገዱ ዳር የመኪና ጥገና ካላቸው ሰዎች እሳትና ብረት መጨበጫ ሞርሳ ለምኖ፣ ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ከሚባለው ተጣጣፊ የሸክም ብረት ሁለት ቀን ቀጥቅጦና ሞርዶ አዲስ ሹካ አወጣ። ዓርብ ዕለት ወፍጮው ላይ ተገጠመ። ልኩ ፍጹም ነበር። ሞተሩ ተነሣ፤ ድንጋዩ ዞረ፤ ሴቶች እልል አሉ። ሦስተኛው ጆንያ ሲፈስ ግን ጧ! የሚል ድምፅ ተሰማና ድንጋዩ ቆመ። ሹካው እንደ ሸክላ ለሁለት ተሰንጥቋል።

ባላምባራስ አልፎከሩም። «አይዞህ ልጄ፤ ሞክረሃል። ከአቅም በላይ የሆነን ነገር መተው ነውር አይደለም» አሉት። ይህ ማጽናናታቸው ከስድብ ይልቅ እንዳቆሰለው ከፊቱ አነበብኩ። ስብራቶቹን ለቀመና ማንንም ሳያይ ወጣ። ተከተልኩት።

በቀርከሃው መካከል ወዳለው ጎጆ ስንደርስ አቶ ገበየሁ ወናፉ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ክንዳቸው የተቃጠለ ጠባሳ የሞላበት፣ ንግግራቸው የረጋ ሰው ናቸው። ስብራቱን ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

«በምን አበረድከው?» አሉ።

«በቀዝቃዛ ውሃ።»

«ለምን እኔን አልጠየቅኸኝም?»

አየነው መሬት መሬት አየ። «አፈርኩ አባዬ። ከትምህርት ቤት የመጣሁ ነኝና… ከጎጆው ምን እማራለሁ ብዬ።»

ይህን ሲሰሙ አባቱ አልተቆጡም። «እነሱ አፈሩብኝ፤ አንተም አፈርክብኝ» ብቻ አሉና ብረቱን ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። ከዚያ እንደ መምህር ቀጠሉ። «የመኪና ብረት ግልፍተኛ ነው። በጋለበት ቀዝቃዛ ውሃ ስታጠጣው ውስጡ ይሰነጠቃል። የኑግ ዘይት ነው የሚስማማው፤ ዘይት ቀስ ብሎ ያበርደዋል። ከዚያ ጠረግ ታደርገውና መልሰህ በለሰለሰ ፍም ታሞቀዋለህ። መጀመሪያ የገለባ፣ ቀጥሎ የማር፣ ከዚያ የእርግብ አንገት ቀለም ይይዛል። ያን ጊዜ ታወጣዋለህ። ጠንካራም ይሆናል፤ ደንገጥ ሲልም አይሰበርም።»

አየነው በጭቃው ላይ ቁጭ አለ። «ይህ በመጽሐፋችን ውስጥ ነበር» አለ በዝግታ። «የቀለሙ ተራ እንኳ ሳይቀር። ለፈተና አጥንቼ ረሳሁት። ቤታችን ውስጥ እንዳለ አላወቅሁም።»

«እኔ ደግሞ ያንተን መለኪያ አላውቅም» አሉ አባቱ። «እኔ የሠራሁት ሹካ ዘንጉ ላይ አይገባም ነበር። ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ይባላል። ተነሥ፣ ወናፉን ያዝ።»

በሁለተኛው ሥራ ልኩን ልጅ፣ እሳቱን አባት ያዙ። ሰኞ ጧት ሹካው ተገጠመ። በዚህኛው ቀን እልልታ አልነበረም፤ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ውጦ ድንጋዩን ያያል። ሦስተኛው ጆንያ አለፈ። አሥረኛው አለፈ። እስከ ማታ ድረስ ሞተሩ የቆመው ነዳጅ ለመጨመር ብቻ ነበር። ባላምባራስ ትኩሱን ዱቄት በመዳፋቸው ዘግነው በጣታቸው አሹት፤ ከዚያም ማንንም ሳያነጋግሩ በእግራቸው ወንዙን ተሻገሩ። እኔና አየነው ተከተልናቸው።

አቶ ገበየሁ ደንግጠው ተነሡ። እንግዳቸው ግን መደብ ላይ ተቀመጡና፣ «ርቦኛል፤ ምን አላችሁ?» አሉ። የአየነው እናት ሽታዬ የገብስ ዳቦና ሽሮ አቀረበች። ባላምባራስ በስመ አብ ብለው ቆረሱና በሉ። እኔም በላሁ። አፍሬ ነበር፤ ያፈርኩት ግን እስከዚያ ቀን ባለመብላቴ ነበር።

«አቶ ገበየሁ» አሉ ባላምባራስ፣ «አንቱን በድያለሁ። በቤቴ ደጃፍ ስንት ዘመን ማረሻ ይዘው ሲመጡ ውጭ አስቁሜ ነው የተገበያየሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

«እግዚአብሔር ይቅር ይበለን» አሉ አቶ ገበየሁ።

ባላምባራስ ወደ አየነው ዞሩ። «አንተ ግን አንድ ነገር አስረዳኝ። አንድ ሹካ ሠራችሁ፤ መልካም። ይህ አገርን ከፈረንጅ ጋር ያስተካክላል?»

«አያስተካክልም» አለ አየነው። «ነገር ግን አንዱን የሠራ እጅ ሁለተኛውን ይሠራል። መቶ ሠርተን አንዱ ከሌላው በፀጉር ውፍረት እንኳ እንዳይለይ ካደረግን ደግሞ የቡሬውም የቻግኒውም ወፍጮ ከኛ ይገዛል። ፈረንጆች የበለጡን በጉልበት አይደለም፤ አባት ያወቀውን ልጅ ይጽፈዋል፤ ልጅ ያሻሻለውን የልጅ ልጅ ያሻሽላል። እኛ ዘንድ ባለ እጁን ስለምንንቀው ልጁ ሙያውን ጥሎ ይሸሻል፤ ዕውቀቱም ከአባት ጋር ይቀበራል። እኔ ራሴ ልሸሽ ነበር።»

ሽማግሌው ጢማቸውን እየዳበሱ አሰቡ። የነጋዴ ዓይናቸው ሲበራ አየሁት። «ከድንበር ማዶ ሱዳኖችም ወፍጮ አላቸው» አሉ።

አየነው ሳቀ። «ቀስ ይበሉ አባባ! መጀመሪያ ከባሕር ማዶ ከሚመጣው ጋር እንስተካከል። በርካሽነት ብቻ የሚገዛን ሰው ሌላ ርካሽ ሲያገኝ ይተወናል።»

በነገር የተረቱ ሰው እንዲህ በአንድ ጊዜ ከአስተማሪያቸው ቀድመው ሲሮጡ ማየት ደስ ይላል።

አየነው አዲስ አበባ አልሄደም። ባላምባራስ ከወፍጮ ቤቱ ጎን ያለውን መጋዘን ለአባትና ለልጅ ሰጧቸው፤ ሞርሳና መሮ ተገዛ። ደብሪቱ በመስከረም ወንድ ልጅ ተገላገለች። ታኅሣሥ ላይ ከባሕር ማዶ የታዘዘው ሹካ በሣጥን ታሽጎ ደረሰ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጡ። የውጭው የተወለወለ፣ የሚያምር ነበር። አየነው አልቀናም። «እዩት፣ ጣቱ ከግንዱ የሚገናኝበትን ማዕዘን ክብ አድርገውታል። እኛ ሹል አድርገን ትተነዋል፤ ብረት ደግሞ መሰንጠቅ የሚጀምረው ከሹል ማዕዘን ነው» አለ። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ የእንጅባራውም ሹካ ማዕዘኑ ክብ ሆነ።

አንባቢ ሆይ፣ ጥቅሙን እኔ በዓይኔ ያየሁትን ብቻ ልንገርህ። ወፍጮ ሲሰበር መንደሩ ወራት ሙሉ መጠበቁ ቀረ። በዚያ ክረምት ለወገብና ለትከሻ ሕመም ወደ እኔ ይመጡ ከነበሩት ሴቶች ብዙዎቹን በሚቀጥለው ክረምት አላየኋቸውም። ሌሎች ሁለት ቀጥቃጮች ልጆቻቸውን ፊደል አስቆጠሩ። ከውጭ ሸምቶ መጠቀም ነውር አይደለም፤ የሸመቱትን ፈትተው ሳያዩ፣ አይተውም ሳይሞክሩ መቅረት ግን ድህነትን በገንዘብ መግዛት ነው። አገርም የምትደረጀው ከሌላው ጋር ለመወዳደር በሚደፍር እጅ ነው፤ ያ እጅ ደግሞ ከመዶሻው ጋር አክብሮትን ይሻል።

በየካቲት አንድ የገበያ ቀን ወደ መጋዘኑ ጎራ አልኩ። አስማረ የሚባል ከቻግኒ የመጣ ባለ ወፍጮ ስድስት ሹካ ሊገዛ ቆሟል። አየነው ፊደል የተቀረጸባቸውን ትናንሽ የብረት ማተሚያዎች ደርድሮ፣ «በእያንዳንዱ ላይ ‹እንጅባራ› ብለን እንምታበት» አለ።

«የሠሪውም ስም ይግባበት» አሉ ባላምባራስ። «ቢሰበር ገዢው ማንን እንደሚጠይቅ ይወቅ፤ ቢጸናም ማንን እንደሚያመሰግን።»

አቶ ገበየሁ መዶሻውን አወረዱ። «ይቅርብኝ ጌታዬ። የቀጥቃጭ ስም ካዩበት አይገዙም።»

ባላምባራስ ወደ አስማረ ዞሩ። «ሰምተሃል። ሰውየው ቀጥቃጭ ነው፤ ስሙ ገበየሁ ነው። ትገዛለህ አትገዛም?»

አስማረ አንዱን ሹካ አንሥቶ ከሌላው ጋር አጋጠመው፤ ገለበጠው፤ እንደገና አጋጠመው። «የኔ ወፍጮ ከቆመ ሁለት ወሩ ነው» አለ። «ስሙን በደንብ ጻፉልኝ፤ ተመልሼ ስመጣ እንዳይጠፋኝ።»

አየነው ማተሚያዎቹን አንድ በአንድ ቀጥ አድርጎ ያዘ። አቶ ገበየሁ ማንበብ አይችሉምና ልጃቸውን፣ «የቱ ነው የመጀመሪያው?» ብለው ጠየቁ። «ይህ ነው፤ ‹ገ›» አላቸው። መዶሻውን አነሡና መቱት።